የአበጋዙ ካባ

ሰው ለሚወደው መልስ የሚሰጠው በአፉ ነው፤ አፉ ቢተሳሰርበት በደብዳቤ። የእኛዋ ሠዓሊ ግን መልሷን የሰጠችው በሦስት ድርብ ቀለም፣ ቁመቱ ከአውራ ጣት በማይበልጥ የእርሳስ ወታደር ትከሻ ላይ ነበር። መልሱ ከቤቷ ከወጣ እነሆ ዘጠኝ ቀን ሆነው። ከዚያ ወዲህ ከመሐንዲሱ ዘንድ አንዲት ብጣሽ ወረቀት እንኳ አልመጣችም።

ዛሬ ቅዳሜ ነው፤ የምሳ ሰዓት አልፏል። መስኮቱ ሥር ካለችው ጠረጴዛ ተቀምጣ፣ በጠርሙስ ቡሽ ላይ ያጣበቀችውን ቀስተኛ ዓይን ለመቀባት ትታገላለች። የእንዲህ ያለ ወታደር ዓይን ከሰሊጥ ፍሬ ያንሳል፤ የሚቀባውም ጥቂት ፀጉር በቀረው ብሩሽ፣ ያውም ትንፋሽ ተይዞ ነው። እሷ ደግሞ ዘጠኝ ቀን ሙሉ ትንፋሿን ይዛ ከርማ ምን ቀርቷት! እጇ ሸሸት አለ። ቀስተኛው አንድ ዓይኑ ወደ ጠላት፣ ሌላው ወደ ጎረቤት የሚያይ ሸውራራ ሆኖ ቁጭ አለ።

«አንተም በቀጥታ ላታየኝ ነው?» አለችውና ሆዷ ባባ።

ነገሩ እንዴት እዚህ እንደደረሰ ለማያውቅ አንባቢ ባጭሩ ይነገረው። የምትሠራላቸው ዳኛ ጡረታ ከወጡ ወዲህ ሱሳቸው አንድ ነው፤ የጥንት ሠራዊት። ከሁለት ሺህ ዓመት በፊት የተዋጉ ጦረኞችን፣ ፈረሰኞችን፣ ሰረገላዎችንና ዝሆኖችን በድንክዬ ቅርጽ እየገዙ ይሰበስባሉ። ቅርጾቹ ሲመጡ ግራጫ ናቸው፤ ነፍስ የምትዘራባቸው እሷ ናት። በየወሩ አንድ ቅዳሜ ዳኛው ከዕድሜ ልክ ጓደኛቸው ከፋርማሲስቱ ጋር ሳሎን ውስጥ ባለው ትልቅ ጠረጴዛ ላይ ሠራዊት አሰልፈው ይገጥማሉ፤ ዳይስ እየጣሉ፣ የእያንዳንዱን ጓድ እርምጃ በሜትር እየለኩ። የተሸነፉ እንደሆነ ሦስት ቀን ሰው አያናግሩም። ሠራዊቱም እንዳገኙት አይቀባም። ዳኛው መጽሐፍ አገላብጠው የማን ጋሻ፣ የማን ልብስ ምን ቀለም እንደነበረ በዝርዝር ጽፈው ይልካሉ፤ ከዝርዝሩ ዝንፍ ማለት የለም።

የዳኛው ቤት ሁለት በር አለው። የሠዓሊዋ እናት ወገቧ እምቢ እስኪላት ድረስ አሥራ ሁለት ዓመት በጓሮው በር እየገባች የዚያን ቤት ልብስ አጥባለች። ልጅቱም ወታደሮቿን ይዛ ስትሄድ የምትገባው በዚያው በር ነው። ዳኛው ሰው ባለበት ሁሉ «እጇ ወርቅ ነው» ይላሉ፤ ወርቁን ግን አንድ ቀን ሳሎን አስቀምጠውት አያውቁም።

መሐንዲሱ የዳኛው አንድ ልጅ ነው፤ ድልድይ ይሠራል። ከሁለት ዓመት በፊት ሳጥን የሚያመላልሰው ሹፌር ታሞ፣ ጥርሱ የተሰበረ የጦር ዝሆን በመሐረብ ጠቅልሎ እቤቷ መጣ። ጥርሱን ቀጥላ እስክትጨርስ ቁጭ ብሎ አያት። እሷም እየታየች መሆኑን አወቀች፤ ስለዚህ የአምስት ደቂቃዋን ሥራ አንድ ሰዓት አስረዘመቻት። ከዚያ ወዲህ በየሳጥኑ፣ ወታደሮቹ ከሚተኙበት ስፖንጅ ሥር፣ ደብዳቤ ይመላለስ ጀመር። የመጨረሻው፣ ገና ካልተቀባው የጦር አዛዥ ከአበጋዙ ሥር የመጣው፣ እንዲህ የሚል ነበር፦

«አባባ ጠርጥረው ይሁን እንጃ፣ አሁን ሳጥኑን ከሹፌሩ እጅ ተቀብለው የሚከፍቱት ራሳቸው ሆነዋል። ስለዚህ መልስ እንዳትጽፊ። ስልኩም ያለው እሳቸው ጠረጴዛ ላይ ነው። እንድታገቢኝ እየጠየቅኩሽ ነው። እሺ ካልሽ የአበጋዙን ካባ ቀይ ቀቢው። ካልፈለግሽ በአባባ ዝርዝር እንዳለው ነጭ ይሁን፤ ነጭ ካየሁ ሁለተኛ አላስቸግርሽም።»

ቀይ ቀለም ግትር ነው፤ አንዴ ብቻ ቢቀቡት ገርጥቶ ይቀራል። መጀመሪያ ቡናማ አለበሰችው። ሲደርቅ ቀይ፣ እሱም ሲደርቅ ሌላ ቀይ። የካባውን እጥፋት ጫፍ ጫፍ በብርቱካንማ ጭረት ነካካችው፤ ቀለሙ እንዳይነሣም በላዩ ቫርኒሽ አደረገችበት። በአራት ዓመት ውስጥ ከዳኛው ዝርዝር ስትወጣ ይህ የመጀመሪያዋ ነው። ሳጥኑን ለሹፌሩ ስትሰጥ ፊቷ ይስቅ ነበር።

ከዚያ በኋላ ዝምታ ብቻ ሆነ።

«ያ ልጅ መጻፍ ተወ አይደል?» አለች እናቷ፣ አልጋው ጫፍ ተቀምጣ ካልሲ እየጠቀመች።

«የቱ ልጅ?»

«አንቺ ደግሞ! አሥራ ሁለት ዓመት የዚያን ቤት አንሶላ ያጠብኩ ሴትዮ እኮ ነኝ። ከኔ የሚደበቅ ምን አላቸው?»

ሠዓሊዋ የብሩሹን ጫፍ በከንፈሯ አሾለች።

«ይኼን ቀለም አትላሺ አላልኩሽም?»

«እማዬ፣ ተዪኝ።»

«አልተውሽም። እኔ እዚያ ቤት በጓሮ ገብቼ በጓሮ ወጥቻለሁ፤ አላፈርኩበትም፣ ሥራዬ ነው። አንቺ ግን ልብሽን ይዘሽ ነው የገባሽው። እነሱ ደግሞ በጓሮ በኩል ለገባ ልብ ቦታ የላቸውም።» መርፌዋን አቆመችና ልጇን አየቻት። «ይቅርብሽ የኔ ልጅ። ቢወድሽ እግር የለውም እንዴ? አይመጣም ነበር?»

ይህንኑ ጥያቄ ራሷን ስትጠይቅ ዘጠኝ ቀን አልፏታል። ከእናቷ አፍ ስትሰማው ግን የባሰ አመማት።

ከውጭ የመኪና ጥሩምባ ተነፋ። ወዲያው የዳኛው ሹፌር ግማሽ ገላውን በበሩ አስገባ፤ ዛሬ ግን እንደ ልማዱ የሚቀልድበት ጊዜ የለውም።

«እመት ብሩሽ፣ ተነሽ! ጋሼ በአስቸኳይ ይፈልጉሻል። አበጋዙ ተበላሽቷል።»

«ምን ሆኖ?»

«እኔ ምን አውቄ? ፊቱ ጠፋ ነው የሚሉት። ፋርማሲስቱ ደርሰዋል፣ ጨዋታው ሊጀመር ነው፣ ቤቱ ታምሷል። ቶሎ በይ፤ አንቺን አድርሼ ደግሞ አሥር ሰዓት ላይ እሱን ወደ ጣቢያ እወስዳለሁ።»

«ማንን?»

«መሐንዲሱን ነዋ! አልሰማሽም እንዴ? ሩቅ አገር፣ ሁለት ዓመት። ሰሞኑን ነው ድንገት ፈርሞ የመጣው፤ ጋሼም ገርሟቸዋል።»

ቀስተኛው ከእጇ ወድቆ ከነቡሹ ጠረጴዛው ላይ ተንከባለለ። እሺ ብዬው ነው የሚሄደው፣ አለች በሆዷ። ቀዩን አይቶ ነው ሻንጣውን ያዘጋጀው። ደብዳቤ ላይ መድፈር ቀላል ነው፤ የእውነት ሲሆንበት የአጣቢ ልጅ መሆኔ ትዝ አለው። ደሟ ወደ ፊቷ ወጣ፤ ሐፍረት ይሁን ንዴት አልለየችውም። እናቷ ምንም ሳትናገር የቀለም ሳጥኗን አንስታ በእጇ ላይ አደረገችላት። ዓይኗ እንባ ሞልቶ ነበር።

ሹፌሩ ለመጀመሪያ ጊዜ በዋናው በር አስገባት። «ሳሎን ናቸው፣ በጓሮ ስትዞሪ ጊዜ ይሄዳል» አለ። በረንዳው ላይ ሁለት ሻንጣዎች ጎን ለጎን ቆመዋል። አንዱ ላይ የታጠፈ የዝናብ ልብስ ተጥሏል። ያንን የዝናብ ልብስ ታውቀዋለች፤ ዝሆኑን ይዞ የመጣ ዕለት ደጃፏ ላይ ተንጠልጥሎ ውኃ ሲያንጠባጥብ አይታዋለች። ልብሱን እንዳትነካው እጆቿን በሳጥኑ ላይ ቆልፋ አለፈች።

ሳሎኑ ውስጥ በትልቁ ጠረጴዛ ላይ አረንጓዴ ጨርቅ ተነጥፏል። ከወዲህና ከወዲያ ሁለት ሠራዊት ተፋጧል፤ ከፊት ጋሻ ጃግሬ፣ ከኋላ ባለ ረጅም ጦር፣ በክንፉ ፈረሰኛ፣ መሐል ላይ ዝሆኖቹ። የዳኛው ወገን ሁለት መቶ አርባ ሰው ነው። አንድ በአንድ ዓይናቸውን ያበራችው እሷ ናት፤ አንዱም ግን ወደ እሷ አያይም። ፋርማሲስቱ ከጠረጴዛው ማዶ ዳይስ በመዳፋቸው እያንሿሹ፣ ጨዋታው ቢዘገይባቸውም ፈገግ ብለው ሰላም አሏት።

መሐንዲሱ መስኮቱ አጠገብ ቆሟል። ኮቱን ለብሷል። ዘወር ብሎ አያትና ወዲያው ዓይኑን ወደ ወለሉ ሰበረ።

«ደህና ዋልሽ?» አለ። «አንቺ» ማለት ከብዶት «ደህና ዋሉ» ሊላት ምንም አልቀረው።

«ደህና። መንገድ ነህ አሉ።»

«አዎ።»

«አልሰማሁም ነበር።»

«መስማት የምትፈልጊ አልመሰለኝም።»

ይህቺ ቃል ልቧ ድረስ ዘለቀች። እሱ ነው የተበደለ የሚመስለው! አፏን ከፈተች፤ ግን ዳኛው መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው ደረሱባት።

«መጣሽ? ተመስገን። ነይ፣ ነይ እይልኝ» አሉና ወደ መጻፊያ ጠረጴዛቸው ወሰዷት። አበጋዙ በነጭ መሐረብ ላይ እንደ በሽተኛ ተጋድሟል።

አነሳችው። ካባው ነጭ ነው፤ ያውም እንደ ሊጥ የወፈረ ነጭ። ለሰዓታት ያወጣቻቸው እጥፋቶች ሁሉ ተደፍነዋል። ቀለሙ በአንገቱ ሽቅብ ተስቦ አገጩን ውጦታል፣ አፉንም፣ የአንድ ዓይኑን ግማሽም። ወደ ብርሃን አዞረችው። ከብብቱ ሥር፣ ነጩ በሳሳበት ቦታ፣ የሆነ ነገር ሮዝ ሆኖ ይታያል። ቀይ ላይ ነጭ የቀባ ሰው ሁሉ የሚያገኘው ቀለም ነው። ቀይዋ ከሥር አለች። አንድ ሰው ሸፍኗታል።

ያኔ ነው የገባት። ቀና ብላ መሐንዲሱን አየችው። እሱ አሁንም ወለሉን ያያል። ለካ ነጭ ነው ያየው! ዘጠኝ ቀን ሙሉ ነጭ ነው ያየው!

«ማን ነካው?» አለች።

ዳኛው ሳል ሳል አሉ። «እሱን ተዪውና ፊቱን አውጪልኝ። ካባውንም ጥርት ያለ ነጭ አድርጊው፤ በግማሽ ሰዓት ውስጥ ይደርሳል?»

«ጋሼ፣ ካባው...»

«ዝርዝሩ ነጭ ይላል» አሉ ዳኛው፤ ችሎት ላይ ውሳኔ እንደሚያነቡ ሁሉ ቁርጥ አድርገው። «ተቀመጪ።»

ተቀመጠች። ምን ታድርግ? አፏን ብትከፍት የሁለት ዓመቱ ደብዳቤ ሁሉ ይወጣል። ከወጣ ሥራዋ ያበቃል፤ የእናቷንና የእሷን ቤት የያዘው ይህ ሥራ ነው። የእናቷ ስምም በዚህ ሳሎን መሐል ይጎተታል። ዝም ብትል ደግሞ በግማሽ ሰዓት ውስጥ መኪናው ይነሣና እሱ ነጩን እንዳመነ ይሄዳል። በጥጥ ላይ አልኮል ጠብ አደረገችና የአበጋዙን ፊት ማበስ ጀመረች። አገጩ ወጣ። አፉ ወጣ። የተሸፈነው ዓይን ቀስ ብሎ ተገለጠ።

ዳኛው የነጭ ቀለሟን ብልቃጥ ከሳጥኗ መርጠው፣ ክዳኑን ከፍተው ፊቷ አስቀመጡት። «በይ እንግዲህ።»

እዚህ ላይ መሐንዲሱ ከመስኮቱ ተነሥቶ መጣ። ሊሰናበታት አስቦ ይሁን ወይስ የልቡን ቁስል ሊነካካ፣ እሱ ራሱ ያወቀው አይመስለኝም። ከዳኛው ትከሻ ኋላ ቆሞ እጇን አየ። ሰው እንዲህ ነው፤ የሚያመውን ሳያይ አይሄድም።

ብሩሹን ነጩ ውስጥ ነከረች። ጫፉ ላይ አንዲት ጠብታ ተንጠለጠለች። ወደ ካባው አቀረበችው። አሁን ይህን ነጭ ብታሳርፈው፣ ማንም ሳይሆን እሷ ራሷ፣ በገዛ እጇ፣ እያየ እምቢ አለችው ማለት ነው። እጇ አየር ላይ ቆመ። ጠብታዋ መሐረቡ ላይ ወደቀች።

«አልቀባውም» አለች።

«ምን አልሽ?»

«ነጭ አልቀባውም፣ ጋሼ።»

ፋርማሲስቱ ዳይሱን ማንሿሿት አቆሙ። ዳኛው መነጽራቸውን ከግንባራቸው አውርደው ዓይናቸው ላይ አደረጉት፤ ይህችን ልጅ ገና አሁን ማየታቸው ይመስል።

«ዛሬ ደግሞ ምን ነካሽ?»

«ምንም አልነካኝም። ይህን ካባ የቀባሁት ቀይ ነው። ቀይ ስቀባው አውቄ ነው፤ አልተሳሳትኩም። ሌላ ሰው ነጭ ሊያደርገው ይችላል፣ እኔ ግን አላደርገውም።» ይህን ሁሉ ለዳኛው ስትናገር ዓይኗ ከመሐንዲሱ ላይ አልተነሣም።

መሐንዲሱ በቁሙ ደረቀ። «ቀይ?» አለ።

«አዎ፣ ቀይ!» ዳኛው የልባቸውን የሚነግሩት ሰው አገኙ። «እስቲ ፍረድ! ነጭ ብዬ በእጄ ጽፌ ሰጥቻት፣ እንደ በርበሬ የቀላ ካባ አልብሳ ላከችልኝ! ሦስት መጽሐፍ አገላብጬ ያገኘሁትን! መልሼ ልልክባት አፈርኩ፤ ትደነግጣለች ብዬ ራሴ ብሩሽ አነሣሁ። እጄ እንዲህ መሆኑን ረስቼ...» የሚንቀጠቀጥ ጣታቸውን አሳዩና፣ ምስጢራቸውን በገዛ አፋቸው ማውጣታቸው ሲታወቃቸው እጃቸውን ኪሳቸው ውስጥ ከተቱ።

«ለካ አንተ ነህ!» አሉ ፋርማሲስቱ እየሳቁ። «እኔ ደግሞ ሰውዬው የጥርስ ሳሙና ውስጥ የወደቀ መስሎኝ ነበር።»

መሐንዲሱ አልሳቀም። «መቼ ነው የቀቡት፣ አባባ?»

«የመጣ ዕለት ነዋ። ሐሙስ። አንተ ከሥራ ሳትመለስ ቀብቼ ቁም ሳጥኑ ውስጥ ቆለፍኩት። ምን ያደርግልሃል?»

ሐሙስ። መሐንዲሱ ሐሙስ ማታ ኮቱን ሳያወልቅ ወደዚያ የመስታወት ቁም ሳጥን ነበር የሮጠው። ቁልፉ የአባቱ ኪስ ውስጥ ነው። በመስታወቱ ውስጥ ያየው ነጭ ካባ ነበር፤ ፊቱን አዙሮ ክፍሉ ገባ፣ ዓርብ ጠዋት የሩቁን ሥራ ውል ፈረመ። አሁን ይህ ሁሉ በፊቱ ላይ ሲያልፍ ሠዓሊዋ ፊደል እንደሚያነብ ሰው አነበበችው።

«እኔ እኮ...» አለና ወደ እሷ ተራመደ። «እኔ እኮ በመስታወቱ አይቼ...»

«አይተህ ሄድክ!» እንባዋ አመለጣት፤ ንዴቷም አብሮ። «ከአውራ ጣት የማይበልጥ የእርሳስ ሰውዬ አይተህ ሄድክ! እቤቴ በእግር ሃያ ደቂቃ ነው። ዘጠኝ ቀን፣ በየቀኑ ሃያ ደቂቃ! አንድ ጊዜ መጥተህ ‹እውነት ነው ወይ?› ብትለኝ ምን ነበረበት? እኔ እኮ ደግሞ የተናቅኩ መስሎኝ ከእናቴ ዓይን ስደበቅ ነው የከረምኩት!»

«አላስቸግርሽም ብዬ ቃል ገብቼ...»

«አስቸግረኝ! ማን አታስቸግረኝ አለህ?»

ዳኛው አንዴ ወደ ልጃቸው፣ አንዴ ወደ እሷ አዩ። «ምንድን ነው የምታወሩት? የምን ቃል?»

«ዝም በል አንተ ሰውዬ» አሉ ፋርማሲስቱ ለስለስ ብለው። «ችሎት ላይ ነን።»

መሐንዲሱ ወደ አባቱ ዞረ። ሠላሳ ዓመት ያለፈው ወንድ ነው፤ ትላልቅ ወንዞች ላይ ብረት የዘረጋ። እዚያች ሳሎን መሐል ግን ምራቁን ሁለት ጊዜ ዋጠ።

«ካባውን ቀይ እንድታደርገው የጠየቅኳት እኔ ነኝ፣ አባባ። መልሷ ነበር። እንድታገባኝ ጠይቄያት፣ እሺ ማለቷ ነበር።»

የዳኛው ፊት ጠቆረ። ወንበር ፈለጉ፤ ግን አልተቀመጡም፣ ጀርባውን ብቻ ጨበጡት።

«የአጣቢያችንን ልጅ?» አሉ በመጨረሻ። በቁጣ አልነበረም። በቁጣ ቢሆን ይሻላት ነበር።

ሠዓሊዋ ተነሣች። እናቷ የነገረቻት ሁሉ ትዝ አላት፤ የጓሮው በርም። መሐንዲሱ አፉን ሊከፍት ሲል በእጇ አስቆመችው።

«አዎ ጋሼ፣ የአጣቢያችሁ ልጅ ነኝ። እናቴ አሥራ ሁለት ዓመት የእርስዎን የችሎት ካባ አጥባለች። አንድ ቀን እድፍ ተገኝቶበት ያውቃል?»

ዳኛው ብዙ ጉድለት አለባቸው፤ ግትር ናቸው፣ ኩሩ ናቸው፣ ሲሸነፉ ያኮርፋሉ። ዕድሜያቸውን በሙሉ ሲፈርዱ የኖሩ ሰው ግን ናቸውና፣ እያወቁ ሐሰት መናገር አይሆንላቸውም። ወንበሩን ይበልጥ ጨበጡት።

«አልተገኘበትም» አሉ።

«እንግዲያው ይብቃኝ» አለች። ብልቃጦቿን መክደን፣ ብሩሾቿን መሰብሰብ ጀመረች። የአንዱን ክዳን በሌላው ላይ ገጠመች። ውጭ ሹፌሩ አንዴ ጥሩምባውን ነፋ፤ አሥር ሰዓት ሆኗል።

መሐንዲሱ የሳጥኑን ክዳን በመዳፉ ያዘ። «የት ልትሄጂ ነው?»

«ቤቴ።»

«መልስሽን እኮ አሁን ነው የሰማሁት።»

«አልሰማህም። የነገሩህ ስለ ቀለም ነው።» ቀና ብላ አየችው፤ እንባዋን አልጠረገችውም። «በቀለም ጠየቅከኝ፣ በቀለም መለስኩልህ። አየኸው? ቀለም ላይ ማንም መጥቶ ይደርብበታል። ከስፖንጅ ሥር ሆኜ መወደድ ሰልችቶኛል። ከጠየቅከኝ በአፍህ ጠይቀኝ። እዚሁ። አባትህ እየሰሙ። ካልቻልክ ያውልህ፣ መኪናው ቆሟል።»

ሹፌሩ ደግሞ ነፋ። መሐንዲሱ አባቱን አየ። አባቱ ጥርሳቸውን ነክሰው ቆመዋል፤ በዓይናቸው የሚለምኑት ይሁን የሚያስጠነቅቁት አልለየም። ሠዓሊዋ ይህን አየች፤ ልቧ እየወረደ፣ እየወረደ ሄደ። አይችልም፣ አለች። አሁን የዝናብ ልብሱን ያነሣል፣ ይሄዳል፣ እኔም በእግሬ ወደ እናቴ እመለሳለሁ። ለእናቴ ምን እላታለሁ?

መሐንዲሱ ኮቱን አወለቀ። አውልቆ የሚያስቀምጥበት ጠፋውና በሁለት እጁ አቅፎት ቆመ። እንዲህ ያለ መልክ ያለው ጠያቂ ታይቶ አይታወቅም።

«ሁለት ዓመት ሙሉ አባባን ፈርቼ ነው ከስፖንጅ ሥር ያኖርኩሽ» አለ። «አሁንም እፈራቸዋለሁ። እዪ፣ እግሬ ይንቀጠቀጣል። ግን ዘጠኝ ቀን ያላንቺ ኖሬ አይቼዋለሁ፤ እሱን የበለጠ ፈራሁት።» ድምፁ ተሰበረ፤ መልሶ ገጣጠመው። «አባባ እየሰሙ ነው። ታገቢኛለሽ?»

ዘጠኝ ቀን ሙሉ አፏ ውስጥ ስታገላብጠው የከረመችው ንግግር ነበራት፤ ወቀሳም ነበረበት፣ ግጥም የሚመስል ነገርም ነበረበት። አንዱም አልመጣላትም። አንዲት ቃል ብቻ አወጣች፤ ያውም ለራሷም በማይሰማ ድምፅ። መሐንዲሱ ሰምቷል፤ ኮቱ ከእጁ ወደቀ። ፋርማሲስቱ ግን ከጠረጴዛው ማዶ፣ ከሁለት ሠራዊት ወዲያ ነበሩና አንገታቸውን አሰገጉ።

«ምን አለች?»

ዳይሱን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ።

«ኧረ ንገሩኝ! ምን አለች?»

ዳኛው የወንበሩን ጀርባ ለቀቁት። መነጽራቸውን አወለቁ። በሕይወታቸው የማይወዱትን ውሳኔ ብዙ ጊዜ አንብበዋል፤ ይህኛውን ሲያነቡ ግን ድምፃቸው ሻከረ።

«እሺ አለች» አሉ።

ሠዓሊዋ ለእኚህ ሰው በአራት ዓመት ውስጥ ያቺን ቃል ሺህ ጊዜ ብላቸዋለች፤ ጋሻውንም እሺ፣ ጦሩንም እሺ፣ ለነገ ይድረስ ሲሏትም እሺ። ከእሳቸው አፍ ስትሰማት ግን አንድም ቀን ተናግራት የማታውቅ መሰላት። ወንበር እያለ መሬቱ ላይ ቁጭ አለችና፣ ዘጠኝ ቀን የያዘችውን ትንፋሽ ሁሉ አውጥታ፣ ማን እያየኝ ነው ሳትል አለቀሰች።